ሰዓቱን በአለሜ እጅ መልሼልሻለሁ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለየሻረግ፣ ካለሽበት ሻርጃ።

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታትሽስ ተወሽ ወይ? የተቃጠለው እጅሽስ ዳነ? አዎ፣ ሰምቻለሁ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። እዚህ ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ እዚያ ያለው ሙቀት ቀነስ ብሎልሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ደህና ነን ማለቴ ነውና የሚቀጥለውን ሁሉ ይህን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የእትዬ ጽጌማርያምን ልንገርሽ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር የምትጠይቂኝ ስለ ልቤ ብቻ ነውና ስለ ሌላ ሰው ለማውራት ፋታ አግኝቼ አላውቅም። ጥቅምት ላይ ጀሪካን ተሸክማ ስትወርድ ቁልቁለቱ አንሸራቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻም አያት፣ ሆስፒታልም ወሰዷት፤ አሁን ተኝታ ነው የምትውለው። ልጇ ፋና ከባሏ አገር ከኮን የሚጠባ ልጅ አዝላ መጥታ ታስታምማታለች። የፋና ባል ደግሞ አዝመራው ደርሶ ብቻውን ቀርቷልና «ለሳምንት ብለሽ ሄደሽ መነኮስሽ ወይ?» እያለ በስልክ ይነዘንዛታል። ሕፃኑ ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰል ሲያለቅስ ያድራል። ይህ ሁሉ መከራ ያለው እዚያ ቤት ነው። ጠያቂው ግን የእሷን በር አልፎ እኔ ቤት ይገባል። እሷ ጣሪያ እያየች ተኝታ፣ እኔ ቆሜ ልብስ እየጨመቅሁ፣ ሰው ከንፈር የሚመጥልኝ ለእኔ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከተኛችበት ሆና «ይማርሽ፣ ከጠያቂዎችሽ ሁለቱን አበድሪኝ» ብላ ጮኸችብኝ። ሳቅሁ። ስስቅ አንዷ ጠያቂ ክንዴን ይዛ «ኧረ ቀስ፣ ልብሽ» አለችኝ። መሳቅም ተከልክያለሁ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አብራሽ የምትኖረው አለሜ አምና ለእረፍት ስትመጣ ያንን ሰዓትና ያንን ስልክ ላክሽ። ሰዓቱ የልቤን ምት ይቆጥራል፣ ስልኩ ቁጥሩን ባሕር አሻግሮ ለአንቺ ያደርሳል ተባለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰፈሩም ደስ አለው፤ ተራ በተራ እያሰረ ተለካ። ባለሱቁ ደሳለ የእሱ ቁጥር ከእኔ በልጦ ቢያገኘው ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ተኝቶ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰላም የለኝም። ዳገት ስወጣ ትደውያለሽ፤ «እታለም ምን ሆንሽ፣ ቁጥሩ ወጣ» ትይኛለሽ። ዳገት ነዋ የወጣሁት። የላስታ ልጅ ሆነሽ ዳገት ረሳሽ? በሬ ገብስ ውስጥ ገብቶ ሳባርር ትደውያለሽ። ቅዳሴ ቆሜ ስልኩ ጮኾ ዲያቆኑ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከአረጋ ጋር በሽንብራው ነገር ስንጨቃጨቅ ደወልሽ። ከባሌ ጋር እንኳ በወጉ እንዳልጣላ አደረግሽኝ።

እኔም ብሆን ከአንቺ አልተሻልሁም። ልቤ ዘለል ባለች ቁጥር ዓይኔ ወደ ሰዓቱ ይሮጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ደረቴ ይጨንቀኛል፣ እጄን ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ይብስበታል፣ እኔም ይብስብኛል። ዝቅ ካለ ደግሞ ልትቆም ነው እላለሁ። አውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች እኔና ሰዓቱ ስንዞር እንውላለን፤ የሚወቃ እህል ግን የለም።

የክትትል ቀኔ ደርሶ ወልድያ ስሄድ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነገርሁት። ደረቴን በመሣሪያ አየ፣ ከበፊቱ ጋር አስተያየው። የልቤ አንዷ በር በደንብ አትገጥምም፤ እንደ አሮጌ የጎጆ መዝጊያ ታሾልካለች፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። አልባሰችም አለኝ። መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እንድውጥ፣ መርፌዬን በየወሩ እንድወጋ፣ ጨው እንድቀንስ ነገረኝ። እግሬ ካበጠ፣ ተኝቼ ትንፋሽ ካጠረኝ ወይም ራሴን ከሳትሁ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ መምጣት አለብኝ። አንድ ቀን ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል፣ አሁን ግን አይደለም አለ፤ ይኸው ይህንንም አልደበቅሁሽም። የመርበትበቱን ነገር ስጠይቀው «ይሄ ፍርሃት ነው። ፍርሃትም ያማል፤ ያችን በር ግን አይሰብራትም» አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ማን እንዳዘዘልኝ ጠየቀኝ። እህቴ አልሁት። «እህትሽ ሐኪም ናት?» አለኝ። የለም፣ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች ስለው ሳቀ። «እንግዲያው አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ፣ ምትሽን ስትመጪ እኔ እቆጥርልሻለሁ» አለኝ።

ነርሷ ደግሞ ትንፋሽ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አስገብቶ ረዘም አድርጎ ማስወጣትን አሳየችኝ። እኔ በአቡነ ዘበሰማያት ነው የማደርገው፤ ቃሉ ራሱ አያስቸኩልም። ከሁሉ የሚሻለኝ ግን የበግ ጠጉር መፍተል ነው። እንዝርት የሚንቀጠቀጥ እጅ አይወድም፤ ክሩ እየተበጠሰ ያናድደኛል፣ እኔም በክሩ ስናደድ ልቤን እረሳታለሁ። ለአረጋ ለብርድ የሚለብሰው ባና የሚሆን ፈትል ሊደርስልኝ ነው። ጨው የሌለውን የጾም ሽሮ ግን አታንሺብኝ። እሱን የሚያስረሳ እንዝርት አልተገኘም።

የሻረግ፣ እስካሁን ያልሁሽ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልሁት የሰዉን ዝምታ ነው። «የልብ ሕመምተኛ ናት፣ ክፉ ነገር እንዳትሰማ» ብሎ ሰፈሩ ተማምሏል። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል፤ የአንዷ እጅ የሌላዋን ጉልበት ይነካል። ሁለታችንንም ያሳደገችን አክስታችን ባንቺዓለም ኩልመስክ ላይ ስታርፍ ለእኔ አልነገሩኝም። ተቀበረች፣ አርባዋም ወጣ፤ እኔ እዚህ ሆኜ «ለባንቺዓለም ስጡልኝ» እያልሁ ቅቤ እልክ ነበር። ቅቤውን የሚቀበል ሰው ነበረ፤ አርፋለች የሚል ሰው አልነበረም። አንቺም ታውቂ ነበር። በስልክ አክስቴ እንዴት ናት ስልሽ «ደህና ናት» አልሽኝ። ፊደሉ እዚህ ላይ ቢወፍርብሽ ከሕመም እንዳይመስልሽ፣ ከንዴት ነው። ያ ያላለቀስሁት ለቅሶ እንደተቋጠረ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ኋላ ከሰማሁ ወዲህ ደህና ነው የሚለኝን ሰው አላምንም። ስልክ ካላነሳሽ ሞታለች እላለሁ። ሁለት ሰው አንገት ለአንገት ገጥሞ ካወራ ማን ሞቶ ይሆን እላለሁ።

አሁን ያንን ማለዳ ልንገርሽ፤ በስልክ ጀምሬው ስንላቀስ መስመሩ የተቋረጠብንን። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ የሰዓቱም የስልኩም ባትሪ አልቆ ነበር። አውልቄ አስቀመጥሁትና እንደ ሰው ተኛሁ። አንቺ ቁጥሩ ቢጠፋብሽ ለደሳለ ደውለሽ «ሄደህ እያት» አልሽው። ደሳለን ታውቂዋለሽ፤ ዶሮ እንኳ ብቻውን አያርድም። እንዲህ ላለ ነገር ብቻ አይኬድም ብሎ የነፍስ አባታችንን ቄስ ገብረ ዮሐንስንና የቀብር ማኅበራችንን የቅሬውን ዳኛ ጋሽ ደግሰውን ቀስቅሶ፣ ሦስት ሆነው ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ከፈትሁ። ነጠላ ተከናንበው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በአገራችን የማያውቅ የለም። እነሱ ደግሞ ሞታለች ብለው የመጡባት ሴት በሩን ስትከፍትላቸው ክው አሉ። ጋሽ ደግሰው አማተቡ። ያማተቡት ቆሜ ስላገኙኝ ነበር፤ እኔ ግን የሻረግ ብዬ ደረቴን ደቃሁ።

ደሳለ «ኧረ የለም፣ አንቺን ልናይ ነው የመጣን» አለኝ። መርዶ የሚያረዳ ሰውም መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። «የሻረግ ራሷ ደውላ ነው የላከችን» አለ። «ባንቺዓለምም ሰላም ብላሻለች ስትሉኝ ነበር» ብዬ ሻሼን ከራሴ አውልቄ ወረወርሁት። አረጋ ከጓዳ ወጥቶ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። ፋና ሕፃኑን እንዳቀፈች ሮጣ መጣች። እትዬ ጽጌማርያም ከተኛችበት «ለእኔ የሚነግረኝ ሰው ይጥፋ?» እያለች ታነባለች። በመጨረሻ ቄስ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን አወጡና «በዚህ መስቀል፣ እህትሽ በሕይወት አለች። እኛ የመጣነው አንቺ ሞተሽ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉኝ። እሳቸው በመስቀል አይዋሹምና ያን ጊዜ ማልቀሴን ተውሁ። ትቼም አልቀረሁም፣ ተናደድሁ። «ሞቼ ቢሆን አረጋ አጠገቤ ተኝቶ ዝም ይላል ወይ?» አልኋቸው። ጋሽ ደግሰው ጥቂት አሰቡና «እሱንስ አላሰብንበትም» አሉ።

በደሳለ ስልክ ድምፅሽን እስክሰማ ረፈደ። ያን ሁሉ ጩኸትና ደረት መድቃት ያች የምታሾልክ ልቤ ቻለችው። ለማንኛውም ብዬ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ታየሁ፣ ምንም አልሆንሽም አሉኝ። ከደነገጥሁት ይልቅ ያልተነገረኝ እንደሚጎዳኝ ያን ቀን ገባኝ።

አለሜ ዘንድሮ ደግሞ ለወንድሟ ሠርግ ስትመጣ አንድ ነገር ነገረችኝ። እንዳትቆጫት፤ ጎትጉቼ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ምድጃ ላይ ቆመሽ የእኔን ቁጥር ስታዪ ዘይቱ እጅሽ ላይ እንደተደፋ፣ አሠሪሽ ስልኩን ሊቀማሽ እንደደረሰ፣ እንቅልፍሽም እንደጠፋ ነገረችኝ። ይህንንም ደበቅሽኝ። በስልክ «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልሽኝ። ዘይት ከመቼ ወዲህ ነው ጉንፋን የሆነው? የእኔን ልብ እጠብቃለሁ ብለሽ የራስሽን እጅ ጠበስሽው። ሐኪም ያየኝ እኔ ነኝ፤ አንቺን ግን ማን ያይሻል?

ስለዚህ ሰዓቱን በአለሜ እጅ መልሼልሻለሁ፤ ስልኩን አስቀርቼዋለሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውልልሻለሁ፤ መስመር እምቢ ካለ ሰኞ ነው። ሰኞም ካልሆነ መስመር የለም ማለት ነውና ሽማግሌ አትላኪብኝ። ሐኪሙ የሚለኝን ጥሩውንም ክፉውንም እንደ ወረደ እነግርሻለሁ። አንቺም የሞተ ካለ ሞተ በይኝ፤ ከታመምሽ ታመምሁ በይኝ፤ ከተቃጠልሽ ተቃጠልሁ በይኝ። ለሰፈሩም ይህንኑ ነግሬያለሁ። ቅሬው ሲሰበሰብ ተነስቼ «የሰው ሞት እንደ ማንም ሰው በቀኑ ይነገረኝ» አልሁ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷ «ብትሞችብን ኃጢአቱ በማን ይሆናል?» አለች። «በእኔ» አልሁ። ደፋር ሆናለች እንዳትይ። አሁንም እፈራለሁ። ግን የምፈራውን አውቄ ልፍራ።

አረጋ «በርቺ፣ የሽንብራው ነገር ገና አልተፈታም» ብሎሻል። ልጄ ወንድምአገኝ ጉልበት ይስማል፤ ድምፁ ጎርንኖ በስልክ ብትሰሚው አባቱ ነው የሚመስልሽ። እትዬ ጽጌማርያም ጤና ይስጥሽ ብላለች፤ ስትደውይ ስለ ዳሌዋ ጠይቂያት፣ ደስ ይላታል። ፋናም ሕፃኑም ሰላም ይሉሻል። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ይህን ጽፌ ወረቀቱን ላጥፍ ስል ደሳለ መጣ። ብቻውን ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። በሩ ላይ ቆመና ቁጭ በይ አለኝ። ቆሜ እሰማለሁ አልሁት። «ገነተ ማርያም ያሉት ጋሽ ጋሻዬ ዛሬ ጧት አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው» አለኝ። አባታችን የሞተ ጊዜ በራሳቸው በሬ መሬታችንን ያረሱልን ጋሽ ጋሻዬ ናቸው የሻረግ፤ ይኸው አንቺም ከእኔ ሰማሽ። ልቤ ዘለለች። ተቀመጥሁ፤ አለቀስሁ፤ ለእሳቸው አልቅሼ ለባንቺዓለምም ደገምሁ። ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣሁ፣ ደግሞ አለቀስሁ። ደሳለ ሳይሄድ ጠበቀኝ። ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ አዝኛለሁ አልሁት። ነገ ቀብር ትሄጃለሽ ወይ አለኝ፤ አረጋ በቅሎ ሊለምንልኝ ወጥቷል፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ አልሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለየሻረግስ እንዴት እናድርግ? እዚያ አንድ ትልቅ ሰው ፈልገን በዘዴ ይንገራት?» አለ። እጽፍላታለሁ አልሁት። «ብትደነግጥስ?» አለኝ። «ትደንግጥ፤ ከዚያ ታለቅሳለች» አልሁት።

እህትሽ ይማርሽ
ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.