ከትንበያው የሰረዝኳት መስመር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሰረዝኳት። አንዷን መስመር ብቻ። «ከማክሰኞ ከሰዓት እስከ ረቡዕ፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ ባሉ አንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብና በረዶ ሊጥል ይችላል» የምትለዋን። የቀረውን፣ ከሜትሮሎጂ የመጣልንን የሳምንቱን ትንበያ አሳጥሬ ጻፍኩና ለዜና አንባቢዎቹ ሰጠሁ። ጠዋት በሬዲዮአችን ተነበበ። በኦሮምኛም በአማርኛም ሳምንቱ ደረቅ ሆነ።

ምክንያቱን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ በረዶ ይጥላል ብዬ አስነብቤ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ቀረ። ያልሳቀብኝ የለም። የባጃጁ ሾፌር ሳይቀር «በረዶሽ መንገድ ላይ ቀለጠ እንዴ?» አለኝ። አለቃዬ አቶ ታምሩ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ትዕግስት፣ ሰዉን በከንቱ አታስደንግጪው» አሉ። «ሊጥል ይችላል» ማለት «ላይጥልም ይችላል» ማለት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከሰዓት ባርሲሳ ድንቃ ከነቀምቴ በስተምዕራብ ካለችው ዲጋ ደወሉ። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬም «ባርሲሳ» ነው የምላቸው፣ አስተማሪዬ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። የቤታቸውን አሮጌ ቆርቆሮ በአዲስ ሊቀይሩ ነው። አናጢዎቹ ነገ አውርደው ሐሙስ አዲሱን ሊመቱ ተስማምተዋል።

«ሬዲዮውን ሰምቻለሁ» አሉ። «ግን አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ላስወርደው?»

«ያስወርዱት» አልኩ።

ሳላስብ ነው ያልኩት። አይ፣ ዋሸሁ። አስቤያለሁ። መስመሯ ዓይኔ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ከሰዓት ከምዕራብ ነፋስ ተነሳ፤ የገበያውን አቧራ አንስቶ ሄደ፣ ሌላ ነገር አልመጣም።

ልደውልላቸው ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ። ያልደወልኩበት ምክንያት፦ ቆርቆሮው ወርዶ ይሆናል። ነፋስ ብቻ ነው። ደግሞ ምን ልበል? «ትናንት የነገርኩዎት ሙሉ አይደለም» ልበል?

ይህን ብል ኖሮ በቂ ነበር። አሁን ስጽፈው ይታየኛል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በዲጋ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። በቢሮው በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁት። እኛ ዘንድ ካፊያ ብቻ ነበር። እዚያ ግን መብረቁ እየተከታተለ ነው። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላውቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አነሱ። ድምፃቸው ተዘግቷል። በረዶ ጥሏል። ባለቤታቸው አዴ ሌንሴ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ጎረቤት እስኪደርስ ባርሲሳ ከወረደው ቆርቆሮ አንዱን አንስተው በሚስታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ በሰባ ዓመታቸው። ነፋሱ ቆርቆሮውን እየነጠቃቸው ነበር። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ አዴ ሌንሴም፣ ሁሉም ርሷል።

«ሂን ያዳኢን» አሉኝ። አታስቢ። እኔን!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

አዴ ሌንሴ ሌሊቱን ትኩሳት ይዟቸው ጠዋት በአምቡላንስ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል መጡ። የሳንባ ምች ነው ተብሏል። ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ሄድኩ። አዴ ሌንሴ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፋቸው ይተነፍሳሉ። የባርሲሳ መዳፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ቆርቆሮው ቆርጧቸዋል።

ነርሷን ጠርተው «ይቺ ተማሪዬ ናት፣ የአየር ሁኔታ የምትጽፈው እሷ ናት» አሏት። በኩራት። ነርሷ «ታዲያ ይህን እንዴት አላወቅሽም?» ብላ ሳቀች። እሳቸው ቆጣ አሉ። «ሰማይን ማን ያውቀዋል? እሷ ያላትን ነው የነገረችን» አሉልኝ።

መሬቱን ሳይ ቆይቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ አለቀስኩ። ሰው የታመመብኝ መስሏቸው አንዲት እናት ውሃ ሰጡኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ለአቶ ታምሩ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ። «ማን ያውቃል?» አሉ። ማንም፣ አልኩ። «እንግዲያው ተዪው። ትንበያ ይሳሳታል፣ ሰዉም ለምዶታል።» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ለእኔ አዝነው ነው። ግን ትንበያው አልተሳሳተም። ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከዲጋ የመጣ ሰው የበርበሬ ችግኝ ከመደቡ ላይ ተደቁሶ ቀረ ሲል ሰማሁ። ስንቱ ሰምቶኝ ይሆን? ችግኙን ሣር ሊያለብስ ይችል የነበረ ስንት ሰው አለ?

እስካሁን ሆስፒታል የወሰድኩት፦ ብርድ ልብስ። ሁለት አንሶላ። ብርቱካን። ጨለለቂ ሰፈር ያለችው እናቴ የሠራችው አጥሚት በፔርሙስ። ሁሉንም ወስጃለሁ፣ አንዱን ነገር ብቻ አልወሰድኩም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ነገርኳቸው።

ከዋርዱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዳቦ እየቆረሱ ነው። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ባለፈው ሳምንት እንደተሳቀብኝ፣ መስመሯን እንደሰረዝኩ፣ ሁሉንም። ዳቦውን በወረቀቱ ጠቀለሉት።

«አሳዪኝ።»

ስልኬ ላይ ያለውን አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ሰኞ ስደውልልሽ ይሄ በእጅሽ ነበር?»

«ነበር፣ ባርሲሳ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ፣ «ክፍል ውስጥ ስትሳሳቺ አርምሽ ነበር። ይሄ ስህተት አይደለም» አሉ። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጠውልኝ ገቡ።

ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

የሚመጣውን ሳምንት ትንበያ ጻፍኩ። ምንም አልቀነስኩም። ከላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ባለፈው ሳምንት ማስጠንቀቂያ ደርሶን እንደነበር፣ አዘጋጇ እንደሰረዘችው፣ አድማጩን ይቅርታ እንደምትጠይቅ። ለአቶ ታምሩ ወሰድኩላቸው። «ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ» አሉ። አውቃለሁ አልኩ። ጭንቅላታቸውን ይዘው ቆዩና ፈረሙበት።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል። በሩ ላይ ፈራሁ። አዴ ሌንሴ ኦክስጅኑ ተነስቶላቸው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል! ባርሲሳ ወደ ዲጋ ሄደዋል፤ አናጢዎቹ ነገ ሊመጡ ነው።

«ነግሮኛል» አሉ አዴ ሌንሴ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ፤ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«በጣም ተቆጥቼብሻለሁ» አሉ። ትንፋሻቸው ገና ይቆራረጣል። «አጥሚቱን ግን ስጪኝ። ርቦኛል።»

ኩባያውን ያዝኩላቸው። ጨረሱት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ተነበበ። ስልኩ ጠዋቱን ሙሉ ጮኸ። አንዳንዱ ሰደበኝ። አንድ ገበሬ ስድብ አልተናገረም፣ «የኔ ችግኝ አልቋል» ብሎ ብቻ ዘጋው። ይሄኛው ባሰብኝ። ነገ ስለ እኔ ስብሰባ አለ።

አቶ ታምሩን አስፈቅጄ በሚኒባስ ዲጋ ሄድኩ። ጎረቤቶች ማገሩን እየጠገኑ ነው፤ አናጢዎቹ አዲሱን ቆርቆሮ መምታት ጀምረዋል። ባርሲሳ በታሰረው እጃቸው ምስማር ይመርጣሉ። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ምስማሩ ተመለሱ። እኔም ምስማር መምረጥ ጀመርኩ።

ቆይተው፣ ሳያዩኝ፣ «ዛሬ ምን ይላል?» አሉ።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል። ላይዘንብም ይችላል። ያለው ይኼው ነው፣ ባርሲሳ።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። በኦሮምኛ አናጢዎቹን ፈጠን እንዲሉ ነገሯቸው። ከዚያ አንድ ቆርቆሮ በአንድ ወገን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንን ጫፍ ያዢ።»

ያዝኩ። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል እያቀበልን ቆየን፤ ጣሪያው አልቆ አናጢዎቹ ወረዱ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ ገና አላውቅም። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዝናቡ ጀመረ።