በሰንበት የተያዘው ስፖርት

እሁድ፣ መጋቢት 14

ሐኪሙ «ልብህ በቀን ለሃያ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ይምታ፤ መሣሪያ አያስፈልግህም፣ ቤትህ ይበቃሃል» ካለኝ ሳምንት ሊሞላኝ ነው። በየጠዋቱ ከስልኬ ያየሁትን እሠራለሁ። መሬት ላይ እዘረጋለሁ፣ እነሣለሁ፣ እንደገና እዘረጋለሁ። በመሀሉ መዝለልም ነበረው፤ እሱን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ በሁለተኛው ቀን ተውኩት።

አከራዬ እትዬ የዝና በመስኮት ሲያዩኝ ከርመዋል። ጊዜው ሁዳዴ ነውና የምሰግድ መስሏቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ከቅዳሴ መልስ ንፍሮ ሲያመጡልኝ፣ ለጎረቤቱም «እንዲህ ያለ ተከራይ ማን አለው?» ሲሉ ዝም አልኩ። ክብሩ ጣመኝ፤ ንፍሮውም።

ዛሬ ግን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ስዘረጋ በሩን በርግደው ገቡ።

«ምነው ልጄ! በሰንበት ይሰገዳል እንዴ?»

ቅዳሜና እሁድ ስግደት እንደሌለ ጭራሽ ትዝ አላለኝም፤ ትናንትም እሳቸው ገበያ ሄደው ነው ያላዩኝ። ስፖርት ነው እንዳልል የበላሁት ንፍሮ አነቀኝ። እሳቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለእኔ ንገረኝ። ምን ያለ ኃጢአት ብትሠራ ነው በሰንበት እንኳ የማታርፈው? ሰው ገድለሃል?»

«ኧረ እትዬ፣ አልገደልኩም!»

«በል፣ እኔን ካፈርክ ነገ የነፍስ አባቴ ዘንድ እወስድሃለሁ» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ።

ምን ብዬ ልናዘዝ ነው? ንፍሮ በላሁ ብዬ?

ከወጡ ሁለት ሰዓት አልፏል። ልቤ እስካሁን ቶሎ ቶሎ ይመታል።