የነዘረው በር

ሰኞ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬም ነዘረኝ። ሱቁን ልከፍት የብረት መዝጊያውን ስይዝ ከጣቴ እስከ ክርኔ ሽቅብ ወጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ በረንዳው ውኃ ቋጥሯል። የሕንፃው ባለቤት አቶ ደምሴ ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊቱን በኤልኢዲ መብራት ካስጠቀለለው ወዲህ የመጣ ጣጣ ነው። ቀንም አይጠፋም። መሃል ከተማ ላይ ከእሱ በላይ የሚያብረቀርቅ እንዳይኖር!

ደውዬ ነገርኩት። “እጅሽን አልቦሽ ይሆናል” ብሎ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ታሪኩን ጠራሁት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የስፌት መኪናዬንም የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተሩን መዝጊያው ላይ ሲያስነካው በራ። መሰላል ላይ ወጥቶ አየና ፊቱ ተለዋውጦ ወረደ። አንዱ ሽቦ ተልጦ ሕንፃው የለበሰውን፣ የሁላችንም መዝጊያ የተያያዘበትን ብረት ነክቷል። ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦም ጭራሽ አልተዘረጋም።

“አንቺን ያተረፈሽ የላስቲክ ጫማሽ ነው” አለኝ። “እርጥብ እግር ያለው ሰው ከነካው አይለቀውም።”

አቶ ደምሴን አስጠርቼ መብራቱን አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ቅዳሜ ፎቁ ይመረቃል፣ እንግዳ ጠርቻለሁ፣ አላጠፋም አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ “ይህን ወሬ ከሌሎቹ ተከራዮች አፍ ብሰማ ሱቁን ትለቂያለሽ” አለኝ።

ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

የራሴን መዝጊያ እጀታ በላስቲክ ጠቀለልኩት። የራሴን ብቻ።

ጎረቤቴ ሐጂ ስዑድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እዚህ ስገባ ማንም አያውቀኝም ነበር፤ ጨርቅ የገዛቸውን ሁሉ “እሷ ትስፋልህ” እያሉ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት ብቅ ብለው፣ “ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?” አሉኝ።

“ትንሽ አሞኝ ነው፣ ሐጂ።”

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቼን አሰብኩ፣ ሱቁን አሰብኩ፣ ዋጥኩት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 7



ሐጂ ለቀትር ሶላት ውዱእ አድርገው፣ እግራቸው እንደራሰ፣ ጫማ ሳያደርጉ፣ ሱቃቸውን ሊዘጉ ወጡ። እኔ አንዲት ደንበኛ እየለካሁ ነበር። ጩኸት አልሰማሁም። የታፈነ ሰው ድምፅ ነው የሰማሁት። ስወጣ እጃቸው መዝጊያው ላይ ተጣብቋል፤ መላ አካላቸው ይንዘፈዘፋል። ደንበኛዬ ልትይዛቸው ስትሮጥ፣ “አትንኪያቸው!” ብዬ ጮህኩባትና ደረጃው ሥር ወዳለው የሕንፃው ዋና ማብሪያ ማጥፊያ ሮጥኩ። ሳጠፋው ሐጂ በራቸው ላይ ወደቁ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። መዳፋቸው ተቃጥሏል፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ግን ይተነፍሳሉ።

ያንን ማጥፊያ ማክሰኞ ዕለት ባጠፋው ምን ነበረበት?

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

አቶ ደምሴ “ሽማግሌው የልብ ሕመምተኛ ናቸው፣ አዙሯቸው ነው” እያለ ያስወራል። እኔንም እንዲሁ በዪ አለኝ። ተከራዮቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ምን እፈርድባቸዋለሁ? እኔስ ማን ነኝ?

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ታሪኩም ያየውን መሰከረ። መርማሪው ቀና ብሎ፣ “ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?” አለኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ማወቄንም አስመዘገብኩ። ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች የሕንፃውን የመብራት መስመር አስቆርጠው አሸጉት። አቶ ደምሴ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐጂ ነቅተዋል። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ሚስታቸው አጠገባቸው ናቸው።

“ቀድመሽ ታውቂ ነበር አሉኝ። እውነት ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ፣ ሐጂ። ከማክሰኞ ጀምሮ።”

“ረቡዕ ጠይቄሽ ነበርኮ።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስታቸው መሬት መሬት ያያሉ። ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

“ሂጂ አላልኩሽም” አሉ፣ ሳይዞሩ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመጠየቂያው ሰዓት አልቆ ነርሷ እስክታስወጣን ድረስ እዚያው ነበርኩ።