የየኔታ ልየው ኮምፒውተር

ሰኞ

ኪቦርዱ ሞተ። ገልብጬ አራገፍኩት፣ በአልኮል ጠረግኩት፣ ወይ ፍንክች! ባለ ክብ ሶኬት ከሆኑት የመጨረሻው እሱ ነበር። ቢቸና ገበያ ላይ ያለው ጠፍጣፋው ዩኤስቢ ብቻ ነው፤ የአሮጌው ኮምፒውተር የዩኤስቢ ቀዳዳ ደግሞ ከተቃጠለ ቆየ።

አርብ ይወገዳል ተብሏል። የመሬት ክፍላችን ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሶቹ ማሽኖች ይዞራል። ሁለት አመት ስጨቀጭቅ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ዛሬ እማማ ሰናይት መጡ። ከአባታቸው የደረሳቸውን መሬት የሟች ባላቸው ወንድም "የወንድሜ ነው፣ እሷ መቼ ተመዘገበች?" ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሯቸው የሚመጣው ሰኞ ነው። የወረቀቱ መዝገብ ጣሪያው ሲያፈስ በስብሷል። ስማቸው ካለ እዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ሌላ ላይ አይከፈትም፣ ወደ አዲሶቹም የተገለበጠ ነገር የለም።

"ልጄ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ አለሁ አይደል?" አሉኝ። አሉ አልኳቸው። ሳላይ! ምን አፌን አስከፈተኝ?

ማክሰኞ

ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ወገቤ ተቆርጧል። አራተኛው ሱቅ ላይ ባለቤቱ ከመደርደሪያ ስር አንድ አቧራ የጠጣ ነገር አወጣ፦ አውራ ጣት የምታክል፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ጠፍጣፋውን ሶኬት ወደ ክብ የምትቀይር። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

እሮብ

ማሽኑን አጥፍቼ መቀየሪያውን ሰካሁ፣ ከአዲሶቹ ማሽኖች የአንዱን ኪቦርድ ቀጠልኩ፣ አበራሁ። ሰራ! "ሰናይት" ብዬ ፈለግኩ። አልተገኘም። ደገምኩ። አልተገኘም። ፕሮግራሙ በራስ ስም ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ሴትዮዋን በባዶ ተስፋ ነው የሸኘኋቸው ማለት ነው። አፈርኩ።

ቆልፌ ምሳ ወጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ነው። ስመለስ የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ፦ ሠሠሠሠ።

ፊደሎቹን ሰረዝኩ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁ። አንድ ሠ መጣ። ቆይቶ ሌላ። በአንድ ጣት እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ምክንያቱን አውቃለሁ። አዳዲሶቹ ኪቦርዶች ከመቀየሪያ ጋር አይስማሙም፣ ያልተነካ ፊደል ይጽፋሉ። ግን ሠ እኮ የኪቦርዱ ቁልፍ ሁለቴ ካልተመታ አይወጣም። ለምን እሱ ብቻ?

ሀሙስ

ሌላ ኪቦርድ ቀየርኩ። ሠ። ሶስተኛ። ሠ። ቢስሚላህ አልኩ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ሠ።

ጸሀፊያችን ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ አየችና አማተበች። "የኔታ ናቸው" አለች። የኔታ ልየው እኔ ከደሴ ተመድቤ ሳልመጣ ያረፉ፣ ከቅኔ ቤት ወጥተው እዚህ መዝገብ ጸሀፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ይህን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር የጻፉት እሳቸው። ወንበሩም የእሳቸው ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም! ጠበል ላምጣ ስትል በስንት ልመና ከለከልኳት፤ ውሃ ከነካው ሁሉም ነገር አለቀ።

ለቀልድ ያህል "ምን ፈልገው ነው ታዲያ?" አልኳት። እሷ አልሳቀችም። የኔታ አንድ ፊደል ስታ ደብዳቤ ሶስት ጊዜ መልሰው አስጽፈዋታል። "የንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ የማይለይ ጸሐፊ አገር ያቃጥላል" ይሉ ነበር አለች።

እኔ የጻፍኩት እማማ ሰናይት መታወቂያ ላይ እንዳለው ነው፣ በእሳቱ። ለእኔ ሁለቱም ያው ሰ ናቸው፤ የቀረበኝን ነው የምመታው።

ሠ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። እኔ አልጻፍኩትም። "ናይት" ብቻ ጨመርኩ።

ተገኘ። ሠናይት፣ ከነአባታቸው ስም፣ ከነአዋሳኙ። አሮጌው ማተሚያ እየጮኸ አተመው። ጥሩነሽ አለቀሰች። እኔም፣ ግን ከደስታ ይሁን ከፍርሀት አላውቅም።

አርብ

እማማ ሠናይት መጡ። ማህተም አስመትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የቱ ጋ ነው ስሜ አሉ፣ በጣቴ አሳየኋቸው፣ ጣታቸውን እላዩ ላይ አድርገው ቆዩ። "የኔታ 'ስምሽ መልካም ማለት ነው' ብለውኝ ነበር" አሉ። መርቀውኝ ሄዱ። ሰኞ ዳኛው ፊት ባዶ እጃቸውን አይቆሙም። እፎይ!

ዘጠኝ ሰአት ላይ ማሽኑን የሚያወጡት ሰዎች መጡ። ገመዱን ልነቅል ጎንበስ ስል ስክሪኑ ላይ አይኔ ወደቀ። ሳጥኑ ውስጥ ሠ የለም። ሌላ ፊደል አለ፣ አንድ ብቻ፦ ኀ።

ጥሩነሽን ጠራኋት። ቀና ብላ አየች። "ብዙኃኑ ኀ ነው የሚባል" አለች።

ብዙኃኑ። በዚህ መዝገብ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም። ማን ማን በየትኛው ፊደል ተጽፎ "የለህም" ተብሎ እንደተመለሰ አላውቅም። ስንቱን እኔ ራሴ መልሻለሁ?

ሰዎቹን ገና ነው፣ አልጨረስኩም አልኳቸው። ሀላፊው ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። የወረቀት ጥቅል አወጣሁና ማተሚያው ላይ ገጠምኩ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይፍቀዱልኝ አልኩ።