ስድስተኛዋ የጳጉሜ ቀን

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸን ዛሬ ዓመት ሞላህ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ፍትሐት አስደረግንልህ። ካህኑ የክርስትና ስምህን ሲጠሩ ልጃችን ብሌን እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ሰው ንፍሮውን ቀምሶ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ሄደ፤ እኔም ቤት ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ደስ ላይልህ ይችላል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የኪሊማኒውን ቤት ለቀናል፤ ኪራዩ ለብቻዬ አልተገፋልኝም። አሁን ያለነው ካሳራኒ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፤ ውኃ ደስ ባላት ቀን ትመጣለች። ምግብ ቤቱ ያንተን ቦታ ሰጥቶኝ ካሸር ሆኛለሁ። ጠዋት ጠዋት በማታቱ ተሳፍሬ ከተማ፣ ከከተማ ደግሞ በሌላ ማታቱ ኪሊማኒ፣ ምግብ ቤቱ ድረስ። በገና ሰሞን፣ እዚህ ከምርጫው በኋላ አገሩ ሲታመስ፣ እኔና ልጄ በራችንን ዘግተን ሰነበትን። ፎቅ ሥር ያለችው ማማ ዋንጂኩ ዱቄት ባታካፍለን ኖሮ እንጃ። ያን ጊዜ ስምህን ብዙ ጠርቻለሁ።

ደንበኞችህ እስከ ዛሬ ሒሳብ ሊከፍሉ ሲመጡ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይሉኛል። «ማክሰኞ» ስላቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ አንተ ትዝ ስትላቸው «ነፍሱን ይማር» ብለው ይወጣሉ። «ባሕረ ሐሳቡ» ነበር የሚሉህ፤ ረስተኸው እንዳይሆን። የማንንም የልደት ቀን ጠይቀህ በዚያ ቀን የሆነውን ሳትነግረው የገንዘቡን መልስ አትሰጥም። በየካቲት ዐሥራ ሁለት ሙዚቃውን ዘግተህ፣ ሠርግ ሊያከብሩ የመጡትን ሰዎች «ዛሬ እኮ የሰማዕታት ቀን ነው» ብለህ ያስኮረፍክበትን ቀን ባለቤቱ እስከ አሁን ያነሣዋል። ጃምሁሪ ሲሆን ደግሞ ለዘበኛው ለኦቲየኖ ከማንም ቀድመህ «እንኳን አደረሰህ» ትለዋለህ፤ እሱ ግን የገዛ አገሩ በዓል መሆኑን ከአንተ ነው የሚሰማው።

ብሌን በጳጉሜ ስድስት መወለዷማ ለአንተ ሎተሪ ነበር። ቀኗ የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ የልጅቱም ልደት በአራት ዓመት አንዴ ነው ብለህ ድርቅ አልክ። በፈረንጁ ሴፕቴምበር ዐሥራ አንድ ነው፣ በየዓመቱ አለ ብዬ ብሟገትህ፣ «በሌላው ዓመት ያ ቀን እንቁጣጣሽ ነው፣ የሁሉም ነው። የእሷ የሚሆነው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ቀን ደግሞ አይዛወርም» አልከኝ። ኬክ መግዛት ሸሽተህ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ቀልጄብሃለሁ። ልጅህ ግን አመነችህ። የጎረቤት ልጆች ሻማ ሲያጠፉ ታጨበጭብና «የኔ ገና ነው» ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

አራት ዓመት ሲሞላት ያደረግህላትን ድግስ መቼም አልረሳውም። ትከሻህ ላይ አስቀምጠሃት ስትጨፍር አምፖሉን በጭንቅላቷ ልትሰብሩት ነበር። ሁለተኛው ልደቷ ደግሞ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነበር የሚውለው። «ያን ቀን አገር ምድሩ የሚያመሸው ላንቺ ነው» አልካት። እሷም ከፋሲካ ጀምራ ስትጠብቅ ከረመች።

ከዚያ በሐምሌ መጨረሻ ደረቴን አለኝ ብለህ ሆስፒታል ገባህ፤ አልወጣህም።

ለቅሶው ጋብ ሲል የማኅበራችን ሴቶች አርባህን ለመቁጠር ተሰበሰቡ። እትዬ አስካለ በጣታቸው አንጓ ቆጠሩና መስከረም አንድ ላይ ጣሉት። ሁሉም አዘኑ፤ በእንቁጣጣሽ፣ ያውም በሚሊኒየሙ ተዝካር! እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጳጉሜ ስድስት ለልጄ ተረፈች ብዬ በሆዴ ኬኩን ማዘዝ ጀመርኩ። ጭፈራ ባይኖር እንኳ ሻማ ታጠፋለች አልኩ።

ብሌን በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ኖ እትዬ» አለች፣ «ዘንድሮ እኮ ጳጉሜ ስድስት ናት። ፋይቭ ብለው ነው የቆጠሩት። ባባ ነግሮኛል።»

እትዬ አስካለ እንደገና ቆጠሩ። አርባህ ጳጉሜ ስድስት ላይ ዋለ። ሴቶቹ «ተመስገን፣ ከእንቁጣጣሹ ወረደልን፤ ይቺ ልጅ ቁርጥ አባቷን!» ብለው አገላብጠው ሳሟት። ብሌንም ፈገግ አለች። ትንሽ ቆይቶ ፈገግታው ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት። የገዛ ቀኗን በገዛ አፏ እንደሰጠች ያን ጊዜ ነው የገባት።

ማታውን ልደቷን ለቅዳሜ እናድርገው ብዬ ለመንኳት። «ቀን አይዛወርም፤ ባባ ብሏል» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሙት አይወቀስም ይላሉ። እኔ ግን ተናደድኩብህ፤ ከመቃብርህ ጠርቼ ላናግርህ እስኪያምረኝ ድረስ ተናደድኩብህ።

ተዝካርህ በደንብ ወጣ። ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። አንዳንዷ ሹሩባዋን ተሠርታ በነጠላ ሸፍና ነበር የመጣችው። አልቀየምኳቸውም፤ ሚሊኒየም በየዓመቱ አይመጣም። ከተዝካርህ ተነሥተው ወደ ዋዜማው ሄዱ። ብሌን ጥቁር ልብሷን ለብሳ ሰሐን ስታነሣ ዋለች። እንኳን ተወለድሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ እኔም ሰው ሳስተናግድ ሳልላት መሸ። በሆዴ ያዘዝኩት ኬክ እዚያው ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ያለፈው ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ልደት ልወስዳት ሄድኩ። የልጅቷ እናት ያንቺስ መቼ ነው ብላ ስትጠይቃት ደረስኩ። ብሌን «ያንጉ ኢሜኢሻ» አለቻት። የኔ አልቋል ማለቷ ነው። የእንባ ምልክት የለባት፣ ዳቦ አልቋል እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ታዴ፣ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላትም እኮ!

ስለዚህ ዛሬ ከፍትሐቱ በኋላ ካህኑን፣ ጳጉሜ ስድስት በመጣች ቁጥር አርባው ይታሰባል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አርባ አንዴ ነው፣ አይደገምም። በየዓመቱ የሚታሰበው ያረፈበት ቀን ነው» አሉኝ። ተንበርክኬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

እንግዲህ ስማኝ። በሚመጣው ሴፕቴምበር ዐሥራ አንድ ኬክ እገዛለሁ። እንቁጣጣሽ ነው፣ የሁሉም ነው ብትል አልሰማህም። እሷም እንደ አንተ ትከራከረኝ ይሆናል፤ እኔም እንደ ዱሮው እከራከራታለሁ። የሠርጋችንን ቀን፣ የተወለድክበትን፣ ያረፍክበትን ይህን የሐምሌን ቀን፣ በሕይወት እስካለሁ አስባቸዋለሁ። ፍትሐት አስደርግልሃለሁ፣ ስለ ነፍስህ እመጸውታለሁ፣ ስምህን አነሣለሁ። ጳጉሜ ስድስት በመጣች ቁጥር ግን ጥቁር አልለብስልህም፣ ሻማም አላበራልህም፤ ሻማው የልጅህ ነው። ቢቆጭህም ቻለው፣ ሆዴ። በሌላው ቀን ሁሉ ያንተ ሚስት ነኝ፤ በዚያች ቀን ግን ባሏ የሞተባት ሴት አይደለሁም፣ የብሌን እናት ነኝ።