በዝምታ ይነበብ

ለታላቅ እህቴ ለቬርኔል፣

እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? የጀርመን ብርድ ለቀቀሽ ወይ? አብራሽ የምታድረዋ ወታደር ጓደኛሽስ ደህና ናት? እማማ ቆማ ትሄዳለች፤ እህል ግን አይወርድላትም። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ስትደውይ እማማ ከስልኩ ስለማትርቅ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ።

ፈቃድ አግኝተሽ እንድትደርሺ ተብሎ የእህታችን የጄኔል ቀብር ለሜይ 21 ተቀጥሯል። የጭነት መኪና እንደገጫት ነግረውሻል። እውነት ነው። ግን ገና ሳይነጋ በአውራ ጎዳና ዳር ብቻዋን ምን ትሠራ ነበር? የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሜምፊስ ዘምረው እዚያው አድረው ነበር። እሷ ከመዘምራኑ መሪ ከአቶ ፔትዌይ የሆቴል ክፍል ወጥታ በእግሯ ወደ ቤት እየመጣች ነበር። መቶ ሃምሳ ማይል። ሲያገኟት የመዘምራን ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ነው።

የሚያደርጋትን ተናግራ ነበር እኮ። የትምህርት ቤታችን አማካሪ "የትልቅ ሰው ስም አታጥፊ" አለቻት። ፖሊስ ጣቢያ እኔው ወሰድኳት፤ ፖሊሱ ከላይ እስከ ታች አያትና "አሥራ አምስት? አትመስይም" ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እማማ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አቶ ሂብለርን ለመነችው። "እህቴ፣ ጥቁር ወንድ ለፖሊስ አሳልፈን ልንሰጥ? ያውም ጣሪያችንን ያሠራልንን፣ በሬዲዮ ያስጠራንን ሰው?" አላት። ጄኔልስ ጥቁር አይደለችም ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሴቶቹ ደግሞ "ቀብጣ ነው፤ ያን ቀሚስ ማን ልበሺ አላት?" ይሉ ነበር። ቀሚሱን የገዛላት እሱ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። "ለቬርኔል ልጻፍላት?" ስትለኝ፣ "በሰው አገር አታስጨንቂያት" አልኳት።

አሁን በቀብሯ ላይ የሚዘምረው እሱ ነው። በቀብሩ ላይ ለሚታደለው የፕሮግራም ወረቀት የሕይወት ታሪኳን እኔ ጻፍኩ። አቶ ሂብለር "በአቶ ፔትዌይ እንክብካቤ አደገች" የሚል ጨምሮበት ወደ ማተሚያ ቤት ላከው። ከሥሩ እንደ ልማዳችን "በዝምታ ይነበብ" ይላል። ታውቂዋለሽ፤ ፒያኖው ቀስ እያለ ይመታል፣ ሰው ሁሉ በልቡ ያነባል፣ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ይከታል። እኔ ግን ያን ጊዜ ተነሥቼ የሆነውን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ ጎትተው ያስወጡኛል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሐዘን አናውጦት ነው ይላሉ፣ ያበቃል።

ቬርኔል፣ አንቺም በአሥራ አምስት ዓመትሽ ነው መዘምራኑን የተውሽው። ጉሮሮዬን አመመኝ አልሽ። የእሱ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ግን ከመስኮቱ ትሸሺ ነበር። ማንም ለምን አላለሽም። ዛሬ እኔ ለምን እልሻለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ስነሣ አብረሽኝ ተነሺ። ቃል ባይወጣሽም ከጎኔ ቁሚ። የወታደር ልብስሽን ለብሰሽ ነይ፤ አንቺን ለመጎተት ይፈራሉ። ሌላ ሰው የለኝም።

እማማ ትስምሻለች። አክስት ሉቬኒያ አልጋሽን አንጥፋልሻለች። ትንሹ ታይሪ ሰላም ብሎሻል፤ ጄኔል መቼ ነው የምትመጣው ማለቱን ገና አልተወም። የጄኔል ሰላምታ የሌለበት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ይህ ነው።

ወንድምሽ ሮስኮ
ካርቨር ቤንድ፣ ሚሲሲፒ
ሐሙስ፣ ሜይ 12 ቀን 1994