የሐምዲን ለቅሶ ተቀመጥን

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለራፋት፤ የናፍቆቴ ሰላምታ ከአገርህ ከሶሃግ ተነሥቶ ኩዌት ድረስ ይምጣልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? እኛ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን።

በወንድምህ በሐምዲ ገዳይ ላይ የተፈረደውን ሰባት ዓመት፣ ዐቃቤ ሕጉ "ለሰው ነፍስ ይሄ አነሰ" ብሎ ይግባኝ ጠይቆበታል። የበላዮቹ ዳኞች ገና አልወሰኑም። አንተ ሥራህን ያዝ፣ ውልህንም አድስ። ለበዓልም አትድከም፤ ቲኬት ተወዷል አሉ።

ሐሙስ ለት ለቅሶውን ተቀመጥን። ድንኳን አስተክዬ ቁርኣን አስቀራሁ። አጎትህ ሐሰኒን ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ በእኛ አገር ደም ሳይመለስ ለቅሶ የተቀመጠ ማን አለ? ልታዋርጂን ነው?" ብሎ ጮኸብኝ።

"እኔ ለልጄ ላልቅስለት። አንተ ከፈለግህ ውጭ ቁም!" አልኩት።

ኋላ ገብቶ ከሁላችንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

የአባትህን ጠመንጃም ከርግብ ቤቱ አውርጄ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት። ርግቦቹ ቦታ ጠቧቸው ነበር።

ጀላቢያህን አርብ አርብ አጥባለሁ። ገመዱ ላይ ሳሰጣው ጎረቤቶቻችን፣ "መጣልሽ እንዴ?" ይሉኛል። "አይ፣ ላናፍሰው ብዬ ነው" እላለሁ። ዘወር ሲሉልኝ ግን ትከሻው ላይ እጄን ጭኜ ትንሽ እቆማለሁ።

ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ሌት ተቀን የምለምን እናትህ፣

ነፊሳ

አደራህን፣ አትምጣ።